የአጥንት መረቅ ፍለጋ፦ ከጎንደር ሃኖይ ደርሶ መልስ

ጎንደር፣ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

የአክስቴ ልጅ ጎንደር ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ ቁርስ ቤት አላት። ፍርፍር፣ ፉል፣ እንቁላልና ቅቅል ታቀርባለች፤ ከሁሉም ይልቅ ስሟ የሚነሣው በቅቅሏ መረቅ ነው። ልጇ በሃኖይ የሩዝ ዝርያ ማሻሻል ትምህርት ይከታተላል፤ ስልክ በደወለ ቁጥር ስለ ትምህርቱ ከሚነግራት ይልቅ ከተከራየበት ክፍል ሥር ስላለው የፎ ቤት የሚያወራላት ይበዛ ነበር። ፎ በበሬ አጥንት መረቅ ውስጥ የሩዝ ኑድልና በስሱ የተከተፈ ሥጋ ገብቶበት የሚቀርብ የቬትናሞች ምግብ ነው። «ቅቅል ማለት ነው፤ ሌሊቱን እሳት ላይ የሚያድር ቅቅል» እያለ ስላጓጓት፣ ልጇን ለማየት በቆጠበችው ገንዘብ ላይ ሁለተኛ ጉዳይ ተጨመረበት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛ አንባቢዋና ሻንጣ ተሸካሚዋ ሆኜ ተከተልኋት።

የቬትናም ቪዛ ከ2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ለማንኛውም አገር ዜጋ በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ፣ እያንዳንዳችን 25 ዶላር ከፍለን ያለ ብዙ ውጣ ውረድ አገኘን። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ያልተቆላ ቡና ቋጥረን ከአዘዞው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣን።

ሃኖይ፣ ቅዳሜ ኅዳር 6

ከኖይ ባይ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሀል ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ86 ቁጥር አውቶቡስ ለአንድ ሰው 45,000 ዶንግ ከፍለን ገባን። በዚያ ሰሞን አንድ ብር ከ170 ዶንግ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመነዘር ስለነበር ገንዘቡ የሚያስፈራው በዜሮዎቹ ብዛት ብቻ ነው፤ ሲሰላ 260 ብር ግድም ነው።

ከአውቶቡሱ ወርዶ መንገድ መሻገር ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። በሃኖይ ሞተር ብስክሌቶች ለእግረኛ አይቆሙም፤ እግረኛው ሳይሮጥና ሳያመነታ በእኩል እርምጃ ሲገባባቸው ግራና ቀኝ እየተከፈሉ ያልፉታል። የአክስቴ ልጅ የልጇን ክንድ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሚካኤልን እየጠራች ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስም የጎንደርን ባጃጆች ዳግመኛ እንደማታማርር ማለች።

ልጁ የሚኖርበት ቤት ሁለት ሞተር ብስክሌቶች በጭንቅ በሚተላለፉበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለ፣ ስፋቱ ከአራት ሜትር የማይበልጥ ቁመቱ ግን አራት ፎቅ የሆነ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ፎ ቤት፣ በላዩ የባለቤቲቱ ቤተሰብ መኖሪያ፣ ከዚያ በላይ የተማሪዎች ኪራይ ክፍሎች ናቸው። ባለቤቲቱ ስድሳ ዓመት የተጠጋት፣ ፈገግታዋ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ቡናችንን በሁለት እጇ ተቀበለችን፤ ለመኝታችንም ባዶ የነበረውን አንድ ክፍል በሌሊት በ300,000 ዶንግ ሰጠችን።

ሃኖይ፣ እሑድ ኅዳር 7

በእኛ አቆጣጠር ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የጭልፋና የሳህን ድምፅ ቀሰቀሰን። ጸሎታችንን አድርሰን ስንወርድ መተላለፊያው ቁመታቸው ከጉልበት በታች በሆነ የፕላስቲክ መቀመጫዎች ተሞልቷል። የቢሮ ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ ደንብ ልብስ የለበሰ የጥበቃ ሠራተኛና ልጇን በጭኗ የያዘች እናት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበላሉ። የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። የሚጠየቀው ሥጋው ጥሬ ይሁን ወይስ የበሰለ፣ ወይስ ሁለቱም የሚለው ብቻ ነው።

የባለቤቲቱን እጅ ቆሜ ተመለከትሁ። ነጩን ጠፍጣፋ ኑድል በሽቦ ወንፊት አድርጋ በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ታጠልቅና በኃይል አራግፋ ወደ ሳህኑ ትገለብጠዋለች። ቀዩን ጥሬ ሥጋ በቢላዋዋ ጎን አንድ ጊዜ ጠፍጥፋ በላዩ ትዘረጋዋለች፤ የሽንኩርት ቅጠልና ድንብላል ቅጠል ትበትንበታለች፤ ከዚያ የሚንተከተከውን መረቅ በጭልፋ ከሥጋው ላይ ታፈስሰዋለች። ሥጋው ዓይናችን እያየ ከቀይ ወደ ግራጫ ይለወጣል። ከትእዛዝ እስከ ጠረጴዛ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሬ ሥጋ ሌላውን እንግዳ ያስደነግጠው ይሆናል፤ ብልት ለይቶ ጥሬ በሚበላበት አገር ያደገን ሰው ግን በጣም የበሰለ ነው ያሰኘዋል። የአክስቴ ልጅ ከበሰለው ሥጋ አንድ ቁራጭ አንሥታ በብርሃን አየችና «ይኼማ ፍርምባ ነው» አለች፤ ነበረም። የመብያ እንጨቶቹን ከጥቂት ሙከራ በኋላ ለልጇ አስረክባ በማንኪያ ቀጠለች። መረቁ ጠርቶ የሳህኑ ወለል ይታያል፤ ቅቤ የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ግን ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን በነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈ ኮምጣጤና ቃሪያ እየጨመሩ ማስተካከል የበላተኛው ፈንታ ነው። አጠገቡ ኳይ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ዱላ ይቀርባል፤ በመረቁ እየነከሩ ይበሉታል።

ዋጋው 40,000 ዶንግ፣ ማለትም 230 ብር ግድም ነው። የአክስቴ ልጅ ቅቅሏን በ250 ብር እየሸጠች «አያዋጣኝም» የምትል ሰው በመሆኗ፣ ይህ ዋጋ እንዴት እንደሚያዋጣ ማወቅ የቀኑ ሥራዋ ሆነ፤ በልጇ አስተርጓሚነትም ባለቤቲቱን ስትመረምር አረፈደች። ያገኘችው መልስ ስለ ቅመም ምንም አልነበረበትም። ቤቱ የራስ በመሆኑ ኪራይ የለም። ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ አትክልት፣ ለአንድ ደንበኛ ብሎ የሚለኮስ ሁለተኛ ምድጃ የለም። ኑድሉን ሌላ ሰው ሠርቶ ንጋት ላይ በሞተር ብስክሌት ያመጣል። አስተናጋጁ ባሏ፣ ሳህን አጣቢዋ ምራቷ ናት። ድስቱ መቶ ያህል ሳህን ይወጣዋል፤ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ደንበኛው በልቶ ይነሣል። ሻይ የፈለገ ጥግ ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ዘንድ ሄዶ በ5,000 ዶንግ በረዶ የገባበት ሻይ ይጠጣል። በጎንደር አንድ ፍርፍር ያዘዘ ሰው ሁለተኛ ቡናውን እስኪጨርስ፣ ጓደኛው እስኪመጣ፣ የቀበሌው ወሬ እስኪያልቅ ወንበሩን ይዞ ይቆያል፤ ኪራዩ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። እኔ እንደ በላተኛ ስናገር የጎንደሩን እመርጣለሁ፤ የሒሳቡ እውነት ግን ከእነርሱ ጋር ነው።

ሃኖይ፣ ሰኞ ኅዳር 8

ቀን ላይ ወደ አሮጌው ከተማ ሄድን። ጎዳናዎቹ ጥንት በየቦታው ይሸጥ በነበረው ዕቃ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ እኛ አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት እያልን ሰፈሩን በነዋሪው እንደምንጠራው እነርሱ በሸቀጡ ይጠሩታል። የምንፈልገው ባት ዳን የተባለው ጎዳና ነበር፤ እዚያ ያለው ዝነኛ ፎ ቤት፣ ምግብ ቤቶችን መርጦ ደረጃ የሚሰጠው የሚሼሊን መመሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ቬትናም በገባበት ጊዜ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ምግብ ከሚያቀርቡት ተርታ የመዘገበው ነው። ሦስታችን በሦስት ሞተር ብስክሌቶች ተነሣን፤ የአክስቴ ልጅን የያዘው ሹፌር ግን ስሙ በሚመሳሰለው በጎረቤቱ በባት ሱ ጎዳና አውርዷት ሄደ። ስልኳ ኔትወርክ አልነበረውም። እኛ በድንጋጤ ጥግ ለጥግ ስንሮጥ፣ እርሷ ከአንዲት ሻይ ሻጭ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሻይዋን ይዛ፣ በአማርኛ ታወጋ ነበር። ሻጯም በራሷ ቋንቋ ትመልስላት ነበር።

በባት ዳን ሰዎች እንደ ትኬት ቆራጭ ተሰልፈው፣ ቀድመው ከፍለው፣ ሳህናቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይቀመጣሉ። ዋጋው ከሰፈራችን በ20,000 ዶንግ ይበልጣል። መረቁ ጠንከር ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን ለሰልፉ የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሌሊቱን ከባለቤቲቱ ጋር ምድጃው ዳር አሳለፍን። የበሬው ቅልጥምና የመገጣጠሚያ አጥንት ታጥቦ መጀመሪያ ለብቻው አሥር ደቂቃ ያህል ይፈላና ያ ውኃ ከነቆሻሻው ይደፋል፤ መረቁ እንዲጠራ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይህ ነው። አጥንቱ እንደገና ታጥቦ በአዲስ ውኃ ይጣዳል። ዝንጅብሉና ቀይ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ከሰል ላይ እስኪጠቁር ይጠበስና የተቃጠለው ልጣጭ ተፍቆ ይገባል። ከዚያም ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የድንብላል ፍሬ፣ ባለ ስምንት ጫፉ ኮከብ አኒስና በጭስ የደረቀ ጥቁር ሄል ሳይፈጩ በደረቁ ታምሰው፣ በጨርቅ ተቋጥረው ይጨመራሉ። እሳቱ ዝቅ ይልና እስከ ንጋት ድረስ መረቁ አይንፈቀፈቅም፤ ከሥሩ አልፎ አልፎ አንድ አረፋ ብቻ ይወጣል፤ ላይ የሚንሳፈፈውን መግፈፍ ደግሞ አይቆምም።

የአክስቴ ልጅ ጥቁሩን ሄል አሽትታ «ኮረሪማ ጭስ ቤት አድሮ ነው» አለች። ከዚያ ልጇን ወደ ጎን ጠርታ አንድ የሚያሳስባትን ነገር አስጠየቀች፤ አንዳንድ የሃኖይ ቤቶች መረቁ እንዲጣፍጥ ሳ ሱንግ የተባለ የደረቀ የባሕር ትል እንደሚጨምሩ በስልኩ ላይ አይታ ነበር። ባለቤቲቱ ሳቀች፤ ትሉ ከሥጋው የሚወደድ በመሆኑ በ40,000 ዶንግ ሳህን ውስጥ እንደማይገባ አስረዳችን። እርሷ የምትጨምረው ከተብላላ ዓሣ የሚወጣ ጨዋማ የዓሣ መረቅና ጣዕም ማጉያ ነጭ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱንም አልደበቀችንም።

ቫን ኩ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ከሃኖይ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ናም ዲን በግል ሚኒባስ ሄድን። ናም ዲን ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኒን ቢን ክፍለ ሀገር ጋር ተዋህዳለች፤ ሰዎቹ ግን አሁንም በቀድሞ ስሟ ይጠሯታል። መንገዱ ሰፊና የተስተካከለ ሆኖ ሳለ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማው ደግሞ ነፋስ አልነበረውም። ሌላ መኪና እስኪመጣ በሩዝ እርሻ ዳር ቆምን። ልጁ እየጠቆመ የአጨዳውን ነገር ሲያስረዳ፣ እናቱ «ፎገራ ነው እኮ ያለነው» አለችው።

ቫን ኩ ብዙ የሃኖይ ፎ ሻጮች የወጡባት መንደር ናት። ፎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በናም ዲንና በሃኖይ አካባቢ እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ፈረንሳዮች አገሪቱን በያዙበት ዘመን የበሬ ሥጋ ፈላጊው በዝቶ አጥንቱ ርካሽ ስለሆነ፣ ሻጮች በትከሻቸው ድስትና ምድጃ ተሸክመው በየፋብሪካው በር ያዞሩት ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወደ ደቡብ የፈለሱት ሰሜኖች ይዘውት ሄዱ፤ ደቡቦችም የባቄላ ቡቃያና ብዙ ቅጠላ ቅጠል ጨመሩበት። በሰሜን በጦርነቱና በራሽኑ ዘመን የመንግሥት ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለበት ፎ ይሸጡ ስለነበር፣ ሰዉ በአሜሪካ ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላኖች እያመሳሰለ «አብራሪ የሌለው ፎ» ይለው ነበር። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የሃኖይም የናም ዲንም ፎ በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በመንደሯ ያየነው የኑድል ሥራ ከሁሉ ይልቅ የአክስቴን ልጅ የሳበ ነበር። አብዛኛው ቤት ወደ ማሽን ቢዞርም አንዲት አሮጊት አሁንም በእጃቸው ይሠራሉ። ሩዙ ተነክሮ ከነውኃው ይፈጫል፤ ቀጭኑ ሊጥ በሚፈላ ድስት አፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ይፈስሳል፤ በጭልፋው ጀርባ ተስተካክሎ በአክንባሎ እንደሚከደን እንጀራ ይከደናል፤ ከአፍታ በኋላ በቀጭን ቀርከሃ ተነሥቶ ይሰጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተደራርቦ ይቆረጣል። «እታለም፣ ሞክሪው እንጂ» አልኋት። ጭልፋውን ተቀብላ ከዳር ወደ መሀል ልታዞረው ስትል አሮጊቷ እጇን ይዘው ከመሀል ወደ ዳር አስኬዱት። ሁለተኛውን ያለ እርዳታ አወጣችው፤ አሮጊቷም በአውራ ጣታቸው አመሰገኗት።

ሃኖይ፣ ረቡዕና ሐሙስ ኅዳር 10 እና 11

ብርድ ገባ፤ ጋቢ ባለመያዛችን ቆጨን። ረቡዕ ጾም በመሆኑ ባለቤቲቱ ወደ አንድ የጾም ፎ ቤት ላከችን። ቡድሂስቶቹ ከሥጋ የሚከለከሉት በተለይ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ነው፤ ስለዚህ በእኛ ረቡዕ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። በማግስቱ ሐሙስ የጨረቃ ወራቸው የሚጠባበት ቀን ስለሆነ በዚያው ቤት በር ሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ጠፋ። መረቁ የሚሠራው ከእንጉዳይ፣ ከካሮት፣ ካሮት ከሚመስል ነጭ ሥራ ሥርና ከበቆሎ ነው፤ በሥጋው ፈንታ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ ይገባል። የዓሣ መረቅም አይነካውም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛም ዘንድ ስላለ ይህ ሥጋት ቀለለልን። አጥባቂዎቹ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጭምር ስለሚተዉ፣ በሽንኩርት ለኖረ ምላስ ነገሩ ትንሽ ይጎድለዋል።

ያ ሐሙስ ኅዳር 20 እ.ኤ.አ. ስለነበር የቬትናም የመምህራን ቀን ሆኖ ዋለ፤ መንገዱ ሁሉ በአበባ ሻጮች ተሞላ። ልጁ አስተማሪ መሆኔን ነግሯት ኖሮ፣ ባለቤቲቱ ጠዋት የፎውን ሒሳብ አልቀበልም አለች፤ ሳህኔም ላይ ሥጋው እጥፍ ሆኖ መጣ። ሠላሳ ዓመት በተጠጋ የማስተማር ዘመኔ ለሙያዬ ብሎ ምሳ የጋበዘኝ ሰው ብዙ ስለሌለ፣ ሁለት ጊዜ አመሰገንኋት።

ጎንደር፣ እሑድ ኅዳር 14

ጎንደር የደረስነው በጾመ ነቢያት ቅበላ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ነው። በማግስቱ ሥጋ ቤቶች ሊዘጉ ስለሆነ የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ሳትፈታ ቅልጥም ልትገዛ ወጣች። ድስቱ የተጣደው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ድንብላሉ ከቅዳሜ ገበያ መጣ፤ ኮከብ አኒሱን፣ የዓሣ መረቁንና ደረቅ የኑድል ፓኬቶቹን ከሃኖይ ይዘናል፤ በጥቁሩ ሄል ፈንታ ኮረሪማ ከሰል ጭስ ላይ ይዛ አስገባች። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ፤ ድስቱ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ከሰል ተዛወረ፤ እንደ እኔ ግምት መረቁን ያሻሻለው ይኸው ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ቀረበለት። ሰማንያ ያለፋቸው አክስቴ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ሽንኩርቱን ሳታቁላዪ ነው እንዴ ያወጣሽው?» አሉ። «እማዬ፣ አሠራሩ ነው» አለች። «እንግዲያው ሚጥሚጣ አምጪልኝ።» ሚጥሚጣው መጣላቸው፤ ሳህኑንም ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ

ጾሙ ስለገባ ቁርስ ቤቱ የጀመረው በጾሙ ፎ ነው። መረቁ ከተጠበሰ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከጥቅል ጎመንና ከበቆሎ ቆሮቆንዳ ይሠራል፤ ቶፉ ስለሌለ የሽምብራ ዓሣ ቆራርጣ ታስገባበታለች። የሽምብራ ዓሣው መረቁን ስለሚጠጣ ከቶፉ ይበልጣል እላለሁ። ዋጋው 120 ብር ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች ወዲያው ለመዱት፤ የዕድሜ እኩዮቼ ግን እንጀራ ይምጣልን ብለው በእንጀራ በሉት፤ እርሷም አልከለከለችም። ከገና በኋላ የአጥንቱ ተጨምሮ በ220 ብር ይሸጣል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው አያገኝም። ፍርፍሩንና ፉሉን ግን ለመተው አልደፈረችም፤ ስለዚህ የሃኖይዋ ባለቤት የነገረቻት ሒሳብ ገና በግማሹ ነው የሚሠራላት።

ያልተሳካው ኑድሉ ነው። ከፎገራ ሩዝ የሠራችው ሊጥ ከጨርቁ ሲነሣ ይቀደዳል፣ መረቅ ውስጥ ሲገባም ይፈታል። ልጇ በስልክ እንዳስረዳት ለኑድል የሚሆነው ሲበስል የማይጣበቅ፣ አሚሎስ የሚባለው የስታርች ዓይነት የሚበዛበት ሩዝ ነው፤ ከአዲሱ ምርት ይልቅም የከረመው ይመረጣል። በወረታ ባለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን የሚያውቅ ሰው እንዲጠየቅ መክሯታል። ወረታ ከጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ መንገዱ እንደ ሰሞኑ ሁኔታ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ከሦስት ዓይነት ዝርያ አምስት አምስት ኪሎ የዓምና ሩዝ እንዲያመጣላት ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ገንዘብ ሰጥታለች። እስከዚያው ደረቁን ፓኬት ከአዲስ አበባ ታስመጣለች፤ በአንድ ሳህን ላይ 35 ብር ይጨምርባታል።